ከባቄላው ሥር ቁም

ሚስ ቬርሊን ዕድሜዋን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው። የሰው ልጅ ሁሉ አንድ ቀን አውቶቡስ የሚያመልጠው ይመስላት ነበር። አንድ ልጇን ቴቪንን ይዛ መሃል ቺካጎ በወረደች ቁጥር፣ በጋም ይሁን ብርድ፣ ብርቱካናማ የሱፍ ኮፍያ ታጠልቅለትና፦

«ብትጠፋ ከባቄላው ሥር ቁም። አትንቀሳቀስ። እኔ እመጣለሁ» ትለዋለች።

ባቄላው ያው መናፈሻው ውስጥ እንደ ባቄላ ፍሬ የተጋደመው፣ ሰው ከሥሩ የሚያልፍበት ትልቁ የመስታወት ሐውልት ነው። ከተማው በሙሉ «የት እንገናኝ?» ሲባባል እሱን ነው የሚጠራው። እሷም ዘዴውን አግኝታለች። ሰዉ መሃል አትፈልግም፤ ቀና ትልና መስታወቱ ሆድ ውስጥ ብርቱካናማ ነጥብ ትፈልጋለች።

ስድስት ዓመቱ ላይ የእውነት ጠፋባት። እየሮጠች ስትመጣ እዚያው ቆሞ ፋንዲሻውን ይበላል።

«የት ጠፍተህ ነው?» ብትለው፣

«እማ፣ የጠፋሽው አንቺ ነሽ። እኔ አልጠፋሁም» አላት። ይህን ስታወራ በሳቅ ትፈርስ ነበር።

ቴቪን ሲጎለምስ አእምሮው ታመመ። የማንሰማው ድምፅ ይሰማዋል፤ ስልኩ ይሰልለኛል ይላል። አንድ ጠዋት ስልኩን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ እሷና እኔ ጎረቤቷ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ኮፍያውን ራሷ ታጠልቅና አብረን ወደ ባቄላው አውቶቡስ እንይዛለን። የመዘምራኑ ሴቶች አይለቋትም።

«እህት ቬርሊን፣ በዚህ ሙቀት ሱፍ? ጭንቅላትሽን ልትቀቅዪው ነው?»

«የአንቺ ዊግ ካልቀቀለሽ እኔም አልበስልም» ትላለች።

ከዚያ ባቄላው ዙሪያ ለጥገና ታጠረ። ወራት አለፉ፤ በረዶው መጣ። እሷ አልቀረችም። አውቶቡሱ ከሚያወርደን ከመንገዱ በኩል አጥሩን ተደግፋ ትቆማለች። «ከመጣ በዚህ ነው የሚመጣው» ትል ነበር። እኔም አመንኳት።

በጸደይ አጥሩ ተነሣ። በመጀመሪያው እሁድ የመናፈሻው ዘበኛ ካዝ ብርቱካናማ ኮፍያዋን አይቶ ሳቀ።

«እመቤቴ፣ ጥገናው እኮ አልቋል! የቀን ሠራተኛ መሰልሽኝ።»

«ልጄን እየጠበቅኩ ነው።»

«አይ የዚህ ባቄላ ነገር፤ ሁሉም ሰው የሚጠብቀው አለው። በበረዶው ጊዜ አንድ ረጅም ሰውዬ በሐይቁ በኩል ባለው በር እየመጣ ‹አስገባኝ፣ እናቴ ከሥሩ ቁም ብላኛለች› እያለ ሲያስቸግረኝ ነበር። ‹አንተን የሚያህል ሰው ከእናትህ ጠፋህ?› ብዬ ቀለድኩበት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹የጠፋችው እሷ ናት፤ እኔ አልጠፋሁም›።»

ሚስ ቬርሊን እጄን ያዘች። ጥፍሯ ጓንቴን አልፎ ተሰማኝ።

«ወዴት ሄደ?»

ካዝ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «እኔ እንጃ። ደጋግሞ ይመጣ ነበር። ያ ክፉ ብርድ ከገባ ወዲህ ግን አላየሁትም።»

«እኔ እኮ በዚያ በኩል ነበርኩ» አለች ወደ መንገዱ እያሳየች። «በዚሁ አጥር፣ በወዲያኛው በኩል።»

መጠለያዎቹን ዞርን፤ ሆስፒታሎቹን ጠየቅን። ሬሳ ክፍል ስንሄድ ከኋላዬ ነበረች። የትም የለም።

አሁንም እሁድ እሁድ እንሄዳለን። ወደ መስታወቱ ግን ቀና አትልም። ጀርባዋን ትሰጠውና በሩ በነበረበት ቦታ፣ ከሐይቁ በሚመጣው ነፋስ ፊት ትቆማለች። እንግዶች እየሳቁ ፎቶ አንሺን ይሏታል፤ ታነሣቸዋለች።

ባለፈው ሲመሽ፣ «ሚስ ቬርሊን፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው» አልኳት።

«አንቺ ሂጂ» አለችኝ። «እዚህ ቁም ያልኩት እኔ ነኝ።»