የልብስ ማለስለሻና የአራስነቴ ቁስል

ሕመሜ የጀመረው በማሳከክ ነው። ሙኒራን ከወለድኩ ብዙም አልቆየሁም። ከጡቴ ሥር፣ ቀሚሴ በሚነካኝ ቦታ፣ ቆዳዬ ቀላ። ሙቀት ነው ብዬ ተውኩት። ቦታው የሚያሳፍር ስለሆነም ለማንም አልተናገርኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው።

ጊዜው የጃንሆይ መንግሥት ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው፤ የምንኖረው ቡታጅራ ነበር። መርካቶ ሱቅ ያለው ወንድሜ ሸምሱ ለአረፋ ሲመጣ፣ ለአራሷ እህቴ ብሎ የልብስ ማለስለሻ የሚባል ፈሳሽ በትልቅ ጠርሙስ አመጣልኝ። ልብሱ በሳሙና ከታጠበ በኋላ ፈሳሹ ጠብ በተደረገበት ውሃ ተነክሮ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ጋቢው ይለሰልሳል፤ ቤቱም አበባ አበባ ይሸታል። ሰፈራችን እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም ነበር።

በእኛ ዘንድ አራስ ልብሷን አታጥብም። ጎረቤቶቿ በተራ ወንዝ ወርደው ያጥቡላታል። እናም ለአራስ የመጣውን ስጦታ ቆጠበች እንዳትባል፣ ባለተራዋ ሁሉ ከጠርሙሱ አትረፍርፋ ታፈስ ነበር። እኔ ከቤት ስለማልወጣ ይህን አላየሁም።

ስታከክ ያዩኝ አማቴ እማ ከድጃ ቀሚሴን ዳሰስ አደረጉና «ጨርቁ ሻክሮብሽ ነው» አሉ። አጣቢዎቹም ማለስለሻውን ጨመር እንዲያደርጉ ነገሯቸው። ሁሉም ለእኔ ብለው ነው።

ቆዳዬ ውሃ ቋጠረ። ፈነዳ። ከቀሚሴ ጋር ተጣበቀ። የጡቴ ጫፍ ተሰነጠቀ። ሙኒራ ስትጠባ ጥርሴን እነክሳለሁ። የእሷም ጉንጭ ቀላ። አልማዝ ባለጭራ ነው ተባለና ቅጠል ተቀባሁ። ባሰብኝ። ትኩሳት መጣ።

ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። የጤና መኮንኑ ጎንደሬ ናቸው። ቁስሉን አይተው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ልብስሽን ማን ያጥብልሻል?» ብለው ነው። እማ ከድጃ ስለ ጠርሙሱ በኩራት አወሩላቸው።

«የነካት ነገር ቆዳዋን አስቆጥቶት ነው፤ ኮንታክት ደርማታይተስ ይባላል» አሉ። «ፈሳሹ ልብሱ ላይ ይቀራል፤ ቆዳዋን ያቆሰለው እሱ ነው። አሁን ደግሞ ኢንፌክሽን ገብቶበታል። እስኪድን ሕፃኗን ከጡቷ አርቋት።»

«እና ምን ትጥባ ዶክተር?» አሉ እማ ከድጃ።

«የምታጠባ ዘመድ የለቻችሁም?»

ነበረችን። እዚያው አቅራቢያችን እንሴኖ ከተማ የምትኖረው የባለቤቴ እህት ራህመት እሷም አራስ ናት። መጣች። ልጄን አዝላ ሄደች። ወተቴ ቀሚሴን ያርሰው ነበር። ከዚያ ደረቀ።

ፔኒሲሊን ተወጋሁ፤ ጄንሺያን ቫዮሌት የሚባለውን ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት ተቀባሁ። ጎረቤቶቼ ልብሴን ሁሉ እንደገና ቀቅለው አረፋው እስኪጠፋ ድረስ በንጹሕ ውሃ ሲያለቀልቁት ሰነበቱ፤ ቅርፊቱም ቀስ በቀስ እየተላጠ ከሥሩ እንደ ሕፃን ቆዳ ያለ ስስ ቆዳ ብቅ ማለት ጀመረ። ሸምሱ ሲሰማ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ የተረፈውን ማለስለሻ በእጁ ደፋው። አልፈረድኩበትም፤ አንጀቴን የበላው ግን ቀና ብሎ ሊያየኝ አለመቻሉ ነው።

ማለስለሻ ይጠቅማል ወይ ለምትሉኝ፦ ቆዳው ጤነኛ የሆነ ሰው ጥቂት ቢጠቀም ላይጎዳው ይችላል። ግን አያጸዳም። የልጄን የሽንት ጨርቅማ ውሃ መምጠጥ አስትቶት ነበር። እንዶድ ያነጣል፤ በደንብ ካልተለቀለቀ ግን እሱም ያቃጥላል። እኔ ዛሬ የማደርገው ልብሱን ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ አራግፎ ነፋስ ላይ ማስጣት፣ ሊደርቅ ሲልም በእጅ ማሸት ነው። ያለ ምንም ፈሳሽ ይለሰልሳል። የሚያሳክካችሁ ነገር ካለ ደግሞ ቦታው የትም ይሁን ለሐኪም አሳዩ።

አልሐምዱሊላህ፣ ዳንኩ። ሙኒራም ጡት ስትተው ወደ እኔ ተመለሰች። በሩ ላይ ስቀበላት ጮኸች፤ እጆቿን ወደ ራህመት ዘረጋች። ራህመት ዞር ብላ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ልጄን በሕይወት የመለሰችልኝን ሴት በምን ልቀየማት? ሙኒራ ዛሬ ትልቅ ልጅ ናት፤ ታዛዤም ናት። ትኩሳት ሲይዛት ግን የምትጠራው ራህመትን ነው። እኔም እንሴኖ ሰው ልኬ አስመጣላታለሁ።