ከቅጥሩ ውጭ የቆመችው እናቴ

እናቴ መቼ እንደታመመች በትክክል አላውቅም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቤተ ክርስቲያን መግባት ማቆሟን ነው። በጦርነቱ ጊዜ መርሳ አጠገብ ግራና በምትባል ከተማ ያለው ቤታችን ከወልድያ ሸሽተው በመጡ ዘመዶች ተሞልቶ ነበር። እሑድ አብረን እንወጣለን፤ እኛ ስንገባ እሷ ከቅጥሩ ውጭ ካለው ወይራ ሥር ትቀራለች። ከሸሹት አንዷ አክስቴ ቀልደኛ ናት።

«ምነው፣ ከቄሱ ተጣላሽ እንዴ?» አለቻት።

«እግሬን ነው። መቆም አቃተኝ» አለች እናቴ።

ቅዳሴው እስኪያልቅ ግን ውጭ ቆማ ነበር።

ደም ይፈስሳት ነበር። ካረጠች ዓመታት አልፈዋል፤ ደሙ ሲመለስ ግን ሕመም አልመሰላትም። በልማዳችን ሴት በወር አበባዋ ቅጥር አትገባም። ልማዱን ጠበቀች። ደሙ አላባራ አለ።

ቤታችን ለእንዲህ ያለ ሕመም ጥግ አልነበረውም። ወንዱም ሴቱም በሁለት ክፍል ተጨናንቆ ይተኛል። ጨርቋን የምታጥብበትና የምታሰጣበት ቦታ አጥታ፣ ሰው ሳይነሳ ወንዝ ትወርድ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ተኩሱ ሲቀርብ ወንዝ መውረድ ቀረ። ሽታው መጣ። ሁላችንም ሸተተን። አባቴ መደቡን ለቀቀላትና ደጅ መተኛት ጀመረ። እኛ አሳቢነት ነው አልን። እሷ «ተጸየፈኝ» ብላ ነበር።

መንገዱ ሲከፈት መርሳ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። በትምህርት ብዙም አልገፋሁም፤ ያገኘሁትን የጤና መጽሐፍ ስለማነብ ግን በቤታችን ሕክምና ለእኔ የተተወ ጉዳይ ነበር። ከጎኗ አልተለየሁም። ሐኪሙ ምኗን እንደሚያማት ጠየቃት። «ሆዴን» አለች። የጨጓራ መድኃኒት ተሰጣት። ፊቷ ነጣ። ወገቧን ያዛት። ተመልሰን ሄድን። «ሆዴን» አለች። አሁንም የጨጓራ መድኃኒት።

ቀጥሎ ወልድያ ሄድን። አንዲት ወጣት ሐኪም እናቴን አየች፤ ከዚያ እኔን።

«ልጃቸው ነህ?»

«አዎ።»

«ጎበዝ። አሁን ውጣልኝ።»

«አብሬያት ልሁን። ትፈራለች።»

«የሚፈሩት አንተን ነው።»

ወጣሁ። ፊቴ ነደደ። በሩ ተዘጋ። ቃሉን ባልለየውም፣ እናቴ ሳታቋርጥ ስታወራ ይሰማኝ ነበር። መርሳ በሁለቱም ጊዜ አፏን የዘጋው የእኔ አጠገቧ መቆም ነበር።

ከወልድያ ደሴ ተላክን፤ እዚያ ለባዮፕሲ ምርመራ ከሰውነቷ ትንሽ ናሙና ተወሰደ። የማህፀን በር ካንሰር። «ሩቅ አልተሰራጨም። ለቀዶ ሕክምና ግን ዘግይታችኋል» አሉን። ለጨረርና ኬሞ ለሚሉት የካንሰር መድኃኒት አዲስ አበባ ተላክን።

ከመሄዳችን በፊት አባቴ፣ ስለ ሴት ገላ ሲናገር ሰምቼው የማላውቀው ሰው፣ የንስሐ አባታችንን ቤት ጠርቶ መሬት መሬት እያየ ጠየቀ።

«አባ፣ ደሙ በሽታ ነው አሉን። እንግዲህ ደጅ ትቅር?»

«በሽታ ከሆነማ ደጅ ያቆማት ማነው? እኔን እግሯን ነው ብላችሁኝ!» አሉ።

እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ ደሙ ቆመ፤ ምግብ እየቀመሰች፣ በግቢው ትንሽ ትንሽ እየተራመደች፣ አባቴ ከጓሮ በቆርቆሮ ከልሎ በሠራላት መታጠቢያ ብቻዋን እየታጠበች፣ ቀስ በቀስ ከአክስቴ ጋር መሳሳቅ ጀመረች። አሁን ለክትትል እንመላለሳለን፤ እሑድም ከሁላችን ቀድማ ቅጥሩን ትገባለች። እኔ በዚያ ወይራ ሥር ሳልፍ እስከ ዛሬ አንገቴን እደፋለሁ።

ያቺን ሐኪም በሩን ስለዘጋችብኝ አመሰግናታለሁ። እናትህን፣ እህትህን ወይም ሚስትህን ይዘህ ለምትሄድ ወንድሜ የምለው ይህ ነው፦ ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም የወር አበባ አይደለም፤ ቶሎ ውሰዳት። ቤትህ ቢጠብም የሚከለል ጥግ፣ ውሃና ሳሙና አታሳጣት። እስከ ሐኪሙ ክፍል አድርሳት። ከዚያ ሳትባል ውጣ። ሩቅ ግን አትሂድ።