የመምህሩን አበባ ለመንቀል ወደ ጎበሳ

ዓርብ ጠዋት፣ ከአሰላ

ከአሰላ የተነሣሁት በግንቦት መጀመሪያ፣ ክረምቱ ሳይቀድመኝ ጎበሳ ለመድረስ ነው። ከርእሰ መምህሩ የዐሥር ቀን ፈቃድ ለምኜ አግኝቻለሁ። ምክንያቱን ስነግራቸው «ለአበባ ብለህ?» ብለው ሣቁብኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ከአዋሽ ዳር ሦስት የውሃ አበባ በባልዲ አምጥቼ፣ ጎበሳ ለሚኖሩት የክርስትና አባቴ ለግራዝማች ወልደየስ ሰጥቼ ነበር። ቅጠሉ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ፣ አበባው ሐምራዊ፣ አፈር ሳይሻ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ የሚኖር ተክል ነው። ባለቤታቸው እማማ በለጥሻቸው በጣም ወደዱትና በእጃቸው ኩሬው ላይ አኖሩት። የሳይንስ አስተማሪ ነኝና ቁም ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ዘንድሮ በፋሲካ ዕረፍት በዴራ በኩል አዋሽ ወረድኩ። አበባውን የለቀምኩበት ቦታ ውሃው አይታይም፤ ሁሉም አረንጓዴ ሆኗል። አንድ ዓሣ አጥማጅ ለጀልባው መንገድ ለማውጣት ተክሉን በገጀራ ይቆርጣል። «ትናንት የጠረግኩትን ነው ዛሬም የምጠርገው» አለኝ። የጎበሳው ኩሬ ትዝ አለኝ። ያ ኩሬ ክረምት ሲሞላ ወደ ጅረት ይፈስሳል፤ ጅረቱም ዋቤ ወንዝ ይገባል።

እስከ ሳጉሬ በጭነት መኪና፣ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ለመኪና የሚሆን መንገድ ስለሌለ በቀን አንድ ብር በቅሎ ተከራየሁ። ባለበቅሎው ሁሴን የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው።

ቅዳሜ፣ ጋላማ ተራራ ላይ

የኮሶውን ዛፍ አልፈን፣ የአስታው ቁጥቋጦ እያጠረ፣ ጅባራው ብቻ ወደቀረበት ብርድ ወጣን። ሁሴን ከስልቻው በቅቤ የታሸ የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ ጩኮ፣ አውጥቶ አካፈለኝ። የጠየቅኩትን ሲመልስልኝ በጅራፉ እጀታ እያመለከተ ነው።

«በወዲህ የዘነበው ቀጠር ወንዝ ገብቶ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳል። በወዲያ የዘነበው ዋቤ ነው፤ ሱማሌ አገር ድረስ ይሄዳል።»

«አዋሽስ?»

«አዋሽማ ሌላ ነው፤ በሰሜን ነው። ከዋቤ ጋር በየት ያገናኛቸዋል?»

እኔ ነኝ በአንድ ባልዲ ያገናኘኋቸው።

እሑድ፣ ጎበሳ

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በር ላይ አገኘኋቸው። ግራዝማች ከስተዋል። እማማ በለጥሻቸው ያረፉት ባለፈው ጥቅምት ነው፤ ለቅሶ ከደረስኩ ወዲህ አልተያየንም። ስመው ሳይጨርሱ እጄን ይዘው ወደ ኩሬው ወሰዱኝ።

«ና፣ የመምህሩን አበባ እይልኝ። ሰዉ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ኩሬው ከዳር እስከ ዳር ሐምራዊ ሆኗል። አያምርም አይባልም፤ ያምራል። የመጣሁበትን ጉዳይ ስነግራቸው እጄን ለቀቁ።

«እሷ የተከለችውን? አንተ ያመጣህላትን?»

«አባቴ፣ እኔ ስላመጣሁት ነው እኔ መንቀል ያለብኝ። አዋሽ ላይ ያደረገውን አይቻለሁ።»

«እዚህ ማንን ጎዳ?»

ጎረቤታቸው ቃሲም ከብቶቹን ይዞ እዚያው ቆሞ ነበር። ከኩሬው የሚያጠጣው አብሯቸው ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ «ግራዝማች፣ ጥጃዬ» አለ። «በጥር። መሬት መስሏት ረገጠችው። ሥሩ እግሯን ያዘው፤ ስደርስ አልቆላታል።»

«በጥር? ለምን አልነገርከኝም?»

«ሐዘን ላይ ነበሩ። አበባው የእሜቴ ነው። ምን ብዬ ልንገርዎ?»

ግራዝማች ጋቢያቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ራሳቸው ቀድመው ገቡ።

ሦስት ቀን ስንነቅል

እኔና ቃሲም በመንሽ እየጎተትን፣ በገመድ እያሰርን አወጣን። ከላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ሥሩ ግን ጭቃና ውሃ ተሸክሞ ይመዝናል። መዳፌ ተላጠ። ወደ ኩሬው እንዳይመለስ ከጅረቱ ርቀን ኮረብታው ላይ አሰጣነውና ሲደርቅ አቃጠልነው።

በሦስተኛው ቀን ግራዝማች አንድ ተክል ይዘው ቀረቡኝ። «ይህችን ብቻ በገንቦ ላስቀር? ከቤት አትወጣም።»

ያን ያህል የከበደኝ ቃል የለም። «አባቴ፣ እኔም ያመጣሁት ሦስት ብቻ ነበር» አልኳቸው።

አበባውን ብቻ ቀነጠሱ። ሥሩንና ቅጠሉን በገዛ እጃቸው እሳቱ ላይ ጣሉ። ከዚያ አበባውን ይዘው ወደ እማማ መቃብር ብቻቸውን ሄዱ።

ሐሙስ፣ ጅረቱን ተከትለን

ቃሲምና እኔ ጎሕ ሲቀድ ጅረቱን ይዘን ወረድን። የመጀመሪያዋን ከኩሬው ብዙም ሳንርቅ፣ ድንጋይ ሥር ተወሽቃ አገኘናት። ቀኑን ሙሉ እያንዳንዱን መታጠፊያ በዱላ እየፈተሽን ዘጠኝ ሰበሰብን። የመጨረሻዋ የወደቀ ሾላ ሥር ተይዛ እንቡጥ አውጥታለች። ከዚያ በታች አላየንም፤ የለም ማለት ግን አልደፈርንም።

«ወንድሜ ታች ዋቤ ዳር ከብት ያረባል» አለኝ ቃሲም። «ስለዚህ ለእኔ አደራ ማለት አያስፈልግህም፤ እኔ እየወረድኩ አያለሁ።»

እንደገና አሰላ

ቅዳሜ ማታ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ እጄን አይታ ውሃ አሞቀችልኝና «አለቀ?» አለችኝ። «አላውቅም» አልኳት።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ለተማሪዎቼ ያደረግኩትን ሁሉ፣ ከባልዲው ጀምሮ ነገርኳቸው። አስተማሪ ተሳስቻለሁ ሲል መስማት አልለመዱም። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ፣ የሚያምር ነገር ይዤ ወደ ሌላ ሰው ውሃ ስሄድ መጀመሪያ ባለውሃውን መጠየቅ እንዳለብኝ ነው። አበባውን ለማድረስ ጥቂት ቀን በቅቶኝ ነበር፤ ነቅሎ ለመጨረስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅብኝ ግን አላውቅም።

በሰኔ መጀመሪያ ከጎበሳ የመጣ የእህል ነጋዴ የቃሲምን መልእክት አደረሰኝ፦ «ሁለት አገኘሁ፤ አቃጠልኳቸው። አሁንም እየወረድኩ ነው።»

ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ለሁሴን በቅሎዋን እንዲያቆይልኝ መልእክት ላክሁለት።