ባለቤቱ ሳያይ አንድም ቃል አይወጣም

የቢሮው ሰዎች «መቀስ» ይሏታል። ረዥም ዓረፍተ ነገር ካየች ሳትቆርጥ አታልፍማ! ሥራዋ የአውቶቡስ ትኬት በሚሸጥ አፕ ላይ የሚነበበውን ሁሉ መጻፍ ነው፤ የሚጫኑት ቁልፍ ላይ ያለችው አንዲት ቃል እንኳ አትቀርም። ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ ሞክሩት።

እሷ ስትቀጠር አፑ ጉድ ነበር። አንዱ ገጽ ተሳፋሪውን «አንተ» ይለዋል፣ ቀጣዩ «እርስዎ»፣ ሌላው ደግሞ እንደ ዘበኛ ይጮኽበታል። እያንዳንዱ ቡድን ደስ እንዳለው ይጽፋላ! ሥራ አስኪያጇ ተማርራ፣ ይሄን ዝብርቅርቅ መልክ ላስያዘ ሰው የጽሑፍ ክፍሉን ኃላፊነት እሰጣለሁ አለች። መቀስ ቦታውን ፈለገችው፤ ምን ይዋሻል፣ በጣም ፈለገችው። ትኬት መሸጫው መስኮት አጠገብ ወንበር ስባ እየተቀመጠች፣ ሰው ስልኩን ሲነካካ የቱ ጋ ግራ እንደሚገባው ስታይ ከረመች። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ይሄ ስልክ ለምንድን ነው የሚቆጣኝ?» አሏት። ከዚያ ቁጭ ብላ የአጻጻፍ መመሪያውን ጻፈች፦ ተሳፋሪን አክብሩ፣ ጥፋት አታላክኩበት፣ ምን እንደተፈጠረና ምን ማድረግ እንዳለበት በአጭሩ ንገሩት።

የቡድን መሪዋ «ሽቶው» ይባላል፤ ከሊፍት ሳይወርድ መዓዛው ቢሮ ይገባል። «አምጪው መቀስዬ፣ እኔ አቀርብልሻለሁ» አላት። አቀረበላት! አዳራሹ ሙሉ ሰው ተቀምጦ፣ ዐይኑን በጨው ታጥቦ፣ ስሟን አውጥቶ የራሱን ከትቶ አቀረበው። «ብዙ ደክሜበታለሁ» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ፤ ኃላፊነቱም የሱ ሆነ። ሲወጡ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «አንቺም እኮ አግዘሽኛል» አላት። መቀስ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ወደ ቤቷ ሄደች።

«ተይው፣ ለእግዜር ስጪው» አለቻት ታናሽ እህቷ።

«እግዜር ስንት ሥራ አለበት! ይቺን እኔው እችላታለሁ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሽቶው ስም ሲቀይር ውስጡን አላነበበም እንጂ፣ መመሪያው መጀመሪያ ላይ «ባለቤቱ ሳያይ አንድም ቃል ለተሳፋሪ አይወጣም» የሚል ደንብ አለ፤ ባለቤቱ ማለት መመሪያውን የጻፈው ሰው ነው። መቀስ ስትጽፈው ጠዋት ጠዋት እየዞረች ከየቡድኑ ጋር ቁጭ ብላ ልታይ አስባ ነበር። ሥራ አስኪያጇ «ይሄ ደንብ አይከብድም?» ብላ ስትጠይቀው ግን ሽቶው ሥልጣን ሸተተውና «ያለሱማ መመሪያው መመሪያ አይሆንም!» ብሎ ድርቅ አለ። ሞኝ!

መቀስ የፕሮግራም ሠሪዎቹን ጠረጴዛ አንድ በአንድ ዞረች። ማን እንደጻፈው ያውቃሉ፤ እነሱም ሽቶውን የሚወዱት አልነበሩም። «መመሪያ ይከበር፤ ሌላ ምንም አልላችሁም» አለቻቸው። አከበሩት። «ይግቡ» የምትለዋ ቁልፍ ለፈቃድ ተላከችለት። «ይውጡ» ተላከችለት። መጀመሪያ ደስ ብሎት እግሩን አነባብሮ ይፈቅድ ነበር። ኋላ ምሳ ላይ ሲላክበት፣ ስብሰባ ላይ ሲላክበት፣ በገዛ ወንድሙ ሠርግ ላይ ስልኩ እየተንጫጫ ሚዜነቱን ሲያበላሽበት፣ ፊቱ ጠቆረ። መቀስ ደግሞ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አልዋሽላትም፣ ማታ ማታ ለእህቷ እሱን እያስመሰለችላት አብረው ይስቁ ነበር።

ተሳፋሪ የሚበዛበት ወቅት ደረሰ፤ በመመሪያው የታደሰው አፕ ግን የሽቶውን ፈቃድ እየጠበቀ ተገተረ። ሥራ አስኪያጇ ሁሉንም ሰበሰበችና «ማን ነው የያዘው?» አለች። አንገት ሁሉ ወደ ሽቶው ዞረ።

«ደንቡ ከባድ ነው፤ ቢነሳ...» ብሎ ጀመረ።

«አንተ አይደለህ እንዴ ያለሱ አይሆንም ያልከኝ? አንተ አይደለህ የጻፍከው?»

ላቡን ጠረገ። መውጫ ሲያጣ ጣቱን ወደ መቀስ ቀስሮ «እሷ ናት የጻፈችው! ሁሉንም እሷ ናት የጻፈችው!» አለ፤ የሚከሳት መስሎት።

መቀስ ብድግ አለችና «እግዜር ይስጥህ። ስሜ ትዝ እስኪልህ ስንት ሰው ደከመ!» አለችው።

ኃላፊነቱ ወደ እሷ ዞረ፤ ሽቶው ከሥሯ ጸሐፊ ሆኖ ተመደበ። አፑ ወጣ። መቀስ ደንቡን ለሁሉም አላላችው፤ እሱ የሚጽፈው ግን እሷ ሳታይ አይወጣም። «አሁንስ አልበቃሽም?» አለቻት እህቷ። «አልበቃኝም» አለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሽቶው ለአፑ የጻፈውን አንድ መልእክት ለፈቃድ ላከላት፦ «ይህ ወንበር አሁን ተይዟል። እባክዎ ሌላ ይምረጡ።» አነበበችው። ደገመችው። አጭር ነው፣ አክባሪ ነው፣ ማንንም አይወቅስም፤ እሷ ራሷ ብትጽፈው ከዚህ አታሳምረውም። መመሪያው፣ ያው የገዛ እጇ ሥራ፣ ጽሑፍ ሳይፈቅድ የሚመልስ ሰው ምክንያቱን ይጻፍ ይላል። መቀስ መለሰችው፤ የምክንያቱን ቦታ ባዶውን ተወችው።

ሽቶው ከጠረጴዛው ተነስቶ መጣ። ሽቶ መቀባት ትቷል። «እህቴ፣ ምኑን ልቀይረው?» አላት ቀስ ብሎ።

«አስብበት» አለችው፣ ቀና ሳትል። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ምሳ ወጣች፤ የቀረበላትንም ጥርግ አድርጋ በላች።