ኖር፣ በእግዜር

ለመጨረሻ ጊዜ አብረን ያደረግነው ነገር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን አባታችን ሆይ መድገም ነበር። ጎን ለጎን፣ እግራችን ምንጣፉ ላይ፣ ፊታችን ወደ መስኮቱ። መጋረጃው ነጋ አልነጋ በሚል ብርሃን ተሞልቶ ቀስ እያለ ይተነፍስ ነበር። ከኮንዶሚኒየሙ ግቢ ባልዲ ሲቀመጥ ተሰማ። ባለቤቴ «አሜን» ብሎ ተነሳ፤ እኔም ተነሳሁ።

ጸሎቱን ከአልጋ ለመነሻ ያደረገው እሱ ነው። ብድግ ሲል እያዞረው ክሊኒክ ሄደን ነርሷ መጀመሪያ አስተኝታ፣ ቀጥላ አቁማ የደም ግፊቱን ለካችው። ሲቆም ወረደ።

«ደም ብዛት አለብህ ስትሉኝ ከርማችሁ አሁን ደግሞ አነሰ?» አላት።

«ሁለቱም አለብዎት አባባ» አለችው እየሳቀች። «ሰው ብድግ ሲል ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል። ደም ሥሩን ጠበቅ አድርገው የሚመልሱት ነርቮች ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ ይዘገያሉ፤ ከእንቅልፍ ሲነሱ ደግሞ ይብሳል። ቁጭ ብለው ትንሽ ይጠብቋቸው።»

«እኔ ነቅቼ እነሱ ተኝተዋል በይኛ።»

«እንደዚያ ይያዙት።»

ሰዓት እያዩ መቀመጥ እስረኛ ያስመስላል ብሎ በጸሎት ለወጠው። «ነርቮቼ ፊታቸውን ታጥበው እስኪመጡ» ይል ነበር። ለጠዋቱ እንዲህ ስንጠነቀቅ ለከሰዓቱ እንቅልፍ ምንም አላበጀንለትም።

ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል። በዚያ ሰዓት ቤታችን ውሃ ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር በኩል የሚመጣው የብረት ቅጥቀጣ፣ «አብነት፣ አብነት» የሚለው የታክሲ ረዳት፣ ሁሉም ለስልሶ፣ ከሩቅ ነው የሚገባው። እሱ ግን ሰው ሲመጣ ተኝቶም ይሰማል። ባደገበት ቤት ሰው ሲገባ ያልተነሳ ልጅ ይቆነጠጥ ነበር። ለጎረቤት ይነሳል፤ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣ ይነሳል፤ ለኔም ይነሳል። ከሱቅ ስመለስ ወገቡን ሰበር አድርጎ «ኖር እሜቴ» ይለኛል። እኔም እንደ ትልቅ እንግዳ «በእግዜር፣ ይቀመጡ» እለዋለሁ። ልጆች ወልደን አሳድገን ያልሰለቸን ቀልድ ነበር። ነርሷ ያን ከነገረችን በኋላ «ለኔ አትነሳ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሲነሳልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ አብረን በደገምንበት ቀን ከሰዓት ዳቦ ይዤ ገባሁ። ቁልፉ ሲዞር ነው የነቃው መሰለኝ። ብድግ አለ። «ኖር» አለ፤ «እሜቴ» የምትለዋን አላደረሳትም። ዓይኑ እኔን አልፎ ሄደ፣ ጉልበቱ ታጠፈ፣ ራሱ የጠረጴዛውን ጠርዝ መታው። አፌ ከዓይኔ ቀድሞ «በእግዜር» ብሎ ነበር። ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኛ፤ አልነቃም።

ልጄ «አንቺ ምን አደረግሽ እማዬ? ቤትሽ ገባሽ እንጂ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ቤቴ ገባሁ።

ይህን የምጽፈው ከምሳ በኋላ፣ ከወንበሩ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው፤ ጥቂት መስመር በቀን። አንዳንዴ እስክሪብቶው በእጄ እንዳለ እንቅልፍ ይወስደኝና ቁልፍ ሲዞር ይሰማኛል። ልነሳ እልና እግሬን ምንጣፉ ላይ አገኘዋለሁ። ማንም አልገባም። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ትንሽ ፈቀቅ ብሏል።

አሁን ከውጭ ስመለስ መጀመሪያ በሩን አንኳኳለሁ። ቆሜ አንድ አባታችን ሆይ እደግማለሁ። ከዚያ ከፍቼ እገባለሁ።