ክሩ የተፈታው ድስት

ባለቤቴን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት «ጉድ ጉድ» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የመናኸሪያው ሹፌሮች ቀድመውኛል። እዚያ የስምሪት ኃላፊ ናት። አውቶቡስ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሞ ካየች ደሟ ይፈላል። «ይሄ ደግሞ ምን ይጠብቃል? ሠርግ አለበት?» ትላለች፤ ሹፌሩም ሻዩን ሳይጨርስ ይነሳል። ቤት ስትገባም ያው ናት። ሶፋችን በዚህ ዓመት ብቻ ከግድግዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ተዛውሯል። አንድ ቀን ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ በለመድኩት ቦታ እቀመጣለሁ ስል መሬት ላይ ዘፍ ብያለሁ። «አይዞህ» ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ የወደቅኩበትን ቦታ አየት አድርጋ፣ «ለካ እዚህ ጋ ምንጣፍ ያስፈልጋል» አለች።

ወዳ አይደለም እንዲህ የሆነችው። እናቷ የሞተችው እሷ ገና ተማሪ ሳለች ነው። አባቷ ቀን ሥራ፣ ማታ ዝምታ ነበር። ትንሽ ወንድሟን አጥባ፣ አልብሳ፣ ከትምህርት ቤት መልሳ ያሳደገችው እሷ ናት። ያኔ የጀመራት ሩጫ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። ቁጭ ካለች ዓለም የሚፈርስ ይመስላታል። ወንድሟ አድጎ ጸጉር አስተካካይ ሆነ፤ እጁም ለመቀስ የተፈጠረ ነበር። መጠጥ እስኪይዘው ድረስ ማለቴ ነው። ከያዘው በኋላ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ደንበኞቹም ጆሯቸውን እየዳበሱ መውጣት ጀመሩ፤ በመጨረሻ ሱቁ ተዘጋ። እነዚያን ዓመታት ማንሳት አልወድም። እሱ መጠጥ ቤት ለመጠጥ ቤት ሲዞር፣ እሷ እሱን ፍለጋ ስትዞር ነው ያለፉት። ከዚያ አንድ ቀን ተወው። እንዴት እንደተወው አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ወራት ሲቆጠሩ ግን ወንበሩንና መስታወቱን አስተካክሎ ሱቁን ከፈተ።

እንግዲህ በየዓመቱ ብርዱ ሲጠናና በዓሉ ሲደርስ ቤታችን የሚሰበሰበው ሰው የሚመጣው ለእኔ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። የሚመጣው ለባለቤቴ ትኩስ ኮክቴል ነው። በወጣትነቷ አንድ ሆቴል ብርጭቆ ስታጥብ ከባርማኑ የተማረችው ነው። ጥቁር የወይን ጭማቂ በቀስታ ታሞቃለች፤ ቀረፋውን ሰባብራ፣ ቅርንፉዱን በተን አድርጋ፣ ዝንጅብሉን ቀጥቅጣ ትጨምራለች። የብርቱካኑን ልጣጭ ነጩ ሳይነካ ነው የምትልጠው፤ ነጩ ከገባ ይመራል። ማር ትጨምራለች። እሳቱ ከጠፋ በኋላ በመጨረሻ ብራንዲውን ታፈስበታለች። የሚገርማችሁ ነገር፣ ራሷ አንዲት ጠብታ ቀምሳ አታውቅም። ስትሠራው በማሽተት ብቻ ነው፤ ሲጣፍጥ የምታውቀው የጠጪውን ፊት አይታ ነው።

ዘንድሮ በዓሉ ሊገባ ሲል ወንድሟ ደወለ።

«እትዬ፣ እመጣለሁ» አላት። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው የጓደኛዬ ሠርግ ላይ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ሲያነሳ ለእኔ ለስላሳ በመምጠጫ ቱቦ አመጡልኝ። በቱቦ! ጠረጴዛው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ የሰው ፊት ገረፈኝ። እናንተ ጋም የተለየ ነገር የምይዝ ከሆነ ባልመጣ ይሻላል።»

«የተለየ አትይዝም» አለችው። «ያው ብርጭቆ፣ ያው ቀለም፣ ያው እንፋሎት። ያንተ ግን ብራንዲ የለበትም። ማንም አያውቅም።»

ስልኩን ዘግታ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቀመጠችም። «ማንም አያውቅም» ያለችውን ቃል ልትጠብቅ ቆርጣ ተነሳች።

በበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከሠርጋችን ስጦታዎች የተረፉትን መንትያ ድስቶች ምድጃው ላይ ጣደች። መንትያ የምለው ለጨዋታ አይደለም፤ ጆሯቸው እንኳ አንድ ነው። በሁለቱም ያንኑ ጭማቂ፣ ያንኑ ቅመም ጨመረች። በወንድሟ ድስት ውስጥ የብራንዲውን ማቃጠል እንዲተካ ብላ ዝንጅብሉን እጥፍ አደረገችው። ከዚያኛው እንዳያንስም ብራንዲ በገባበት ልክ ጭማቂ ጨመረችበት። እንዳይምታቱባት ደግሞ የእሱ ድስት ጆሮ ላይ ነጭ ክር አሰረች። እኔ ጉንፋን ይዞኝ፣ አፍንጫዬ ጥርቅም ብሎ፣ ጥግ ላይ ተቀምጬ ብርጭቆ እወለውላለሁ። «አሁንስ ባርማን መሆን ነበረብሽ» አልኳት። «ዝም ብለህ ወልውል፣ ያ ብርጭቆ የጣት አሻራህ አለበት» አለችኝ።

ብራንዲውን ስታፈስ ትንሽ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰባት። በጨርቅ ጠረገችው፤ በዚያው ጨርቅ ደግሞ ወጥ ቤቱን ሁሉ ጠረገችው። ከዚያ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ አለቀ። የመከራችን መነሻ ይሄ ነው። ሥራ አለቀ ማለት ለእሷ ጭንቀት ተጀመረ ማለት ነው። ዞር ዞር ብላ ስታይ፣ ያሰረችው ነጭ ክር ጭማቂ ተፈናጥቆበት ወይን ጠጅ መስሏል። በበዓል ቀን የቆሸሸ ክር! ፈታችውና ጣለችው። ንጹህ ክር ልታመጣ ወደ መሳቢያው ስትሄድ ምድጃው ላይ የደረቀ ጠብታ አየች። ሁለቱን ድስቶች አንስታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ ምድጃውን ፈተገችው፤ ድስቶቹን መለሰች፤ ከመሳቢያው ክር ቆረጠች።

ከዚያ ቆመች። እኔ ቆማ አይቻት ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

«ምን ሆንሽ?»

«የቱ ነው?»

«የቱ ምኑ?»

«የወንድሜ ድስት የቱ ነው?»

ተነስቼ ሁለቱንም አየሁ። ቀለማቸው አንድ፣ ልካቸው አንድ፣ እንፋሎታቸው አንድ። ሽታውን ልለይ ብል አፍንጫዬ ለጌጥ ነው የተቀመጠው። እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከቅመም እንፋሎት ላይ አልተነሳችም፤ በዚያ ላይ የፈሰሰው ብራንዲ ከወለሉ ከግድግዳው ይሸታል። ማንኪያ አንስቼ ከአንደኛው ፉት አልኩ። ጉሮሮዬን አቃጠለኝ።

«ይሄ ነው ብራንዲ ያለው!» አልኩ በኩራት። ከሁለተኛው ቀመስኩ። እሱም አቃጠለኝ። «ይሄም አለው።»

«እንዴት ይሄም አለው? አንተ ሰውዬ አትቀልድ!»

ማንኪያውን ነጥቃኝ በምላሷ ጫፍ ነካችና ወዲያው ተፋችው። ሁለተኛውንም ተፋችው። «ሁለቱም እሳት ነው!» አለች። እሳት ቢሆን ምን ይገርማል? እንዳይለዩ ብላ በዝንጅብል ያመሳሰለቻቸው ራሷ ናት። ሥራዋን አሳምራ ነበር የሠራችው።

«በቃ ሁለቱንም ደፍተን ሻይ እናፍላ» አልኩ።

«ሻይ? ሰው ሁሉ ‹ኮክቴሉስ?› ሲለኝ ምን ልመልስ ነው? ወንድሜ በራሱ ምክንያት እንደቀረ ይገባዋል። ሁለተኛ እዚህ ቤት አይረግጥም።»

«እሺ ጎረቤታችንን ልጥራው። እሱ ቀምሶ ይለይልናል።» ጎረቤታችን ድሮ እሷ በምትሠራበት መናኸሪያ ሹፌር የነበረ ጡረተኛ ነው።

«እሱ? አፉ የመናኸሪያ ድምፅ ማጉያ ነው! እንግዳ ሳይገባ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።» ወዲህ ሄደች፣ ወዲያ ተመለሰች፣ እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች። «ብሳሳትስ? አንዲት ፉት ብትሆንስ? ያ ሁሉ ወራት በእኔ እጅ ውሃ ይብላው? ጥራው! ምን ታያለህ፣ ጥራው!»

ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ወንድሟ ነው። ገና እንግዳ የሚመጣበት ሰዓት አልደረሰም።

ጺሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል፤ ኮቱ ተተኩሷል። ግን ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ቤት መቀመጥ አቃተኝ» አለ። «ከጠዋት ጀምሮ ስዞር ነው የዋልኩት። በዓል ነዋ፣ የመጠጥ ቤቱ በር ሁሉ ክፍት ነው፤ መሬት መሬቱን እያየሁ መጣሁ።»

«ሳሎን ግባ፣ ሳሎን ግባ» እያለች መንገዱን ዘጋችበት። እሱ ግን በትከሻዋ በኩል አሻግሮ ሁለቱን ድስቶች አየ፤ እጇ ላይ የተንጠለጠለውንም ክር አየ።

«እትዬ፣ የኔ የቱ ነው?»

ሽርጧን ፊቷ ላይ አድርጋ እንደ ልጅ አለቀሰች። «አላውቅም! ጠፋብኝ! እኔው ራሴ አምታታሁት። እደፋዋለሁ ወንድምዓለም፣ አሁኑኑ ነው የምደፋው።»

«ቆይ» አለ። ወጥ ቤቱ ውስጥ አልገባም። በሩ ላይ ቆሞ በአንድ እጁ መቃኑን ያዘ። «ክዳናቸውን ክፈቺ።»

«አትጠጋ!»

«አልጠጋም። ክፈቺ።»

የመጀመሪያውን ከፈተች። እንፋሎቱ ወጣ፤ እሱ ምንም አላለም። ሁለተኛውን ከፈተች። ከበሩ እስከ ምድጃው ክፍሉን የሚያህል ርቀት አለ፤ የወለሉና የጨርቁ ሽታም በመሃል አለ። ቢሆንም ፊቱ ተለወጠ። መቃኑን የያዘው እጁ ነጣ።

«ይሄኛው ነው» አለ። «ክደኚው። እትዬ፣ ቶሎ ክደኚው!»

ዞሮ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባ። ውሃው ሲወርድ ለረጅም ጊዜ ሰማን። ቅድም ስቀልድ የነበርኩት ሰውዬ ያሰርኩትን ጫማ መልሼ ፈታሁ፤ አንጀቴን በላኝ።

ሲመሽ እንግዶቹ መጡ። ጡረተኛው ሹፌር ኮቱን ሳያወልቅ «አለቃ፣ ነዳጁ ደርሷል?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። ሁሉም ብርጭቆ ያዘ። ወንድሟም ያዘ፤ ያው ብርጭቆ፣ ያው ቀለም። ማንም አላወቀም። ልክ እንደ ቃሏ ሆነ። እሱ ግን አልጠጣም። ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው። ሰው ሲስቅ ይስቃል፤ ዓይኑ ግን የሌሎቹ ብርጭቆ ላይ ነው። የእሱ እንፋሎት ጠፍቶ ቀዘቀዘ። ባለቤቴ ሳህን እያነሳች፣ ሳህን እየመለሰች፣ በየመሃሉ እሱን ሰርቃ ታየዋለች።

«ምነው ወንድም» አለ ሹፌሩ፣ «አለቃ የሠራችውን ናቅከው?»

ባለቤቴ አፏን ልትከፍት ስትል እሱ ቀደማት።

«አልናቅኩም። እኔ መጠጥ ትቻለሁ። እህቴ ሰው እንዳያውቅብኝ ብላ የኔን ያለ ብራንዲ ነው የሠራችው። የያዝኩት እሱን ነው። ግን ያው ይሸተኛል፤ ወደ አፌ ማስጠጋት አልቻልኩም።»

ሹፌሩ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። «ይቅርታ፣ አላወቅኩም» አለ፤ ድምፅ ማጉያው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ ሰማሁት።

«እትዬ፣ እኔ ልሂድ» አለ ወንድሟ ተነስቶ።

«ልሸኝህ።» ኮቷን ከተሰቀለበት መንጭቃ አወረደች።

«አይ፣ እንግዳ አለሽ። ብቻዬን ልሞክረው።»

በሩ ሲዘጋ ኮቷ እጇ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለውን ምሽት እንዴት ልንገራችሁ? ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ ስልክ። ሰው ጠጥቶ ሳይጨርስ ብርጭቆ ከእጁ ትቀበላለች። መናኸሪያ ደውላ የእሱ መስመር አውቶቡስ የት ደርሷል ብላ ጠየቀች፤ «ተራግፎ እየተመለሰ ነው» አሏት። እንግዲህ ወርዷል ማለት ነው። ከፌርማታው እስከ ቤቱ ድረስ ደግሞ መንገዱ ግራና ቀኙ መጠጥ ቤት ነው። ደወለችለት፤ አያነሳም። ደግማ ደወለች፤ አያነሳም። «ቁጭ በይ እስቲ» ብላት፣ «አንተ ቁጭ በል፣ ያንተ ወንድም አይደለም!» ብላ ጮኸችብኝ። አልተቀየምኳት። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ አበቃለት ብዬ ነበር።

ስልኩ ሲጠራ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። አጠገቧ ስለነበርኩ ሰማሁት። ከድምፁ በፊት የሰማሁት የሚወርድ ውሃ ነው።

«የት ነህ?»

«ቤት።»

«ታዲያ ለምን አታነሳም? ነፍሴን አወጣሃት እኮ!»

«ኮቴን እያጠብኩ ነበር። ሽታው አልለቅ አለኝ። ሸሚዜንም አጠብኩት። አሁን እጄን እየታጠብኩ ነው። እትዬ፣ እሱም አልለቅ አለኝ።» ድምፁ ተሰበረ።

«ልምጣ?» አለችው።

ይቺን ጥያቄ በእነዚያ ክፉ ዓመታት ሁሉ ጠይቃዋለች። መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «አትምጪ፣ እንዲህ ሆኜ እንድታይኝ አልፈልግም» ይላታል። አሁን ግን ውሃው ቆመ።

«ነይ» አላት።

ኮቷን ደረጃው ላይ ነው የለበሰችው። እንግዶቹን እኔ ሸኘኋቸው።