ከሰማይ የወደቀው ሣጥንና የልጄ ትኩሳት

ማክሰኞ ማለዳ ከሙጃ በላይ ካለው መንደራችን ተነሣን። የምንሄደው ላሊበላ፣ ከተራራው ላይ ካለው አሸተን ማርያም ገዳም ነው፤ ልጄን ትርንጎን ጠበል ላስጠምቅ። ገብሳችን ውስጥ ከሰማይ የወደቀ ነጭ ሣጥን አንሥታ ነበር፤ ሽቦ አለው፣ የተቀዳደደ ላስቲክ ተንጠልጥሎበታል። ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳት ያዛት። የወንድሜ ልጅ በስልኩ ከሌላ ዓለም እየበረሩ የሚመጡ ፍጡሮችን ሲያሳየኝ መንደሩን በጩኸት አናወጥኩት፦ "እነሱ ናቸው! ልጄን ነኳት!"

ጩኸቴ ጉድ ሠራኝ። እኛ ዘንድ ሰው ሲታመም የቅሬ፣ የእድራችን፣ አባላት ተሰብስበው በቃሬዛ መኪና መንገድ ያደርሳሉ። ያን ቀን ግን አንድ ትከሻ ጠፋ።

"እቴ፣ እኛም ልጆች አሉን" አሉኝ ከሩቅ ቆመው።

ወንድሜ በበቅሎው ጭኖ ሙጃ አደረሰን። ከዚያ በሚኒባስ ሄድን። ጠጠሩ ሲያንገጫግጨን ትርንጎ ጭኔ ላይ እንደ እሳት ትፋጃለች። ሣጥኑን ቄሶቹ እንዲያዩት በማዳበሪያ ከረጢት ይዣለሁ፤ ረዳቱ "ምንድን ነው?" ሲለኝ "ድንች" አልኩት።

ላሊበላ ደርሰን ዳገቱን ስንጀምር ልጄ ወደቀችብኝ። ከገዳሙ የሚወርዱ ሽማግሌ ቄስ ግንባሯን ዳሰሱ።

"ይህችን ይዘሽ ተራራ ልትወጪ? ጠበል ከሐኪም አይጣላም፣ ልጄ። ሆስፒታል አድርሻት!"

እዚያ ደሟን ወሰዱ። አጠገባችን እናቱን የሚያስታምም የፊዚክስ መምህር ነበር። ከረጢቱን ብከፍትለት ሳቀ።

"እትዬ፣ ይኼ የአየሩን ሁኔታ የሚለካ ነው። በትልቅ ፊኛ ይለቁታል፤ ፊኛው ሲፈነዳ ይወድቃል።"

"በስልክ ያየኋቸውስ?"

"በስልክማ እኔም ክንፍ ያላት በቅሎ ላሳይዎ እችላለሁ።"

"እንግዲያ ሳይንሱ ምን ይላል? መጥተዋል ወይስ አልመጡም?"

"ሰማዩ ሰፊ ነው። ሌላ ቦታ ሕይወት ይኖር ይሆናል፣ እየፈለጉ ነው። እዚህ መጡ የሚያሰኝ ማስረጃ ግን እስካሁን አልተገኘም። ያላወቁትን 'አላወቅሁትም' ማለት ነው እንጂ ዝም ብሎ ስም አይወጣለትም።"

ይህን ሲል ነርሷ መጣች። "ተስቦ ነው። የሚያመጣው ቅማል ነው። ትንሽ ብትቆዩ አትተርፍም ነበር።"

እኔ ሰማይ ሰማይ ሳይ፣ ገዳይዋ በቀሚሷ ስፌት ውስጥ ኖሯል!

እሑድ ትርንጎ በእግሯ እየሄደች ቤት ገባን። ልብሱን ሁሉ ቀቀልኩና ቅሬው ወደተሰበሰበበት ወጣሁ።

"ያስፈራኋችሁ እኔ ነኝ። ከሰማይ የመጣ የለም፤ ቅማል ነው" አልኳቸው።

የቅሬው ዳኛ ሳቁ። "ያን ያህል ጮኸሽ፣ ለቅማል!"

ሁሉም ሲስቅ ጎረቤቴ ዘውዴ አልሳቀችም። "የኔዋም ከተኛች ሦስት ቀኗ" አለች። "'ነክተዋታል' ብላችሁ እንዳትሸሹኝ ደበቅኋት።"

ከመንገዱ ሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ ይኼ ነው፤ ባላወቅሁት ነገር ጮኼ የጎረቤቴን ልጅ አስደበቅሁ።

ወንዶቹ ወዲያው ቃሬዛ አነሡ። በአገራችን ሴት ቃሬዛ አትሸከምም። የፊቱን እንጨት ትከሻዬ ላይ ሳደርግ ግን ማንም አልከለከለኝም።